የማን ክብር? የንግግር ነፃነትና የሰው ስም በኢትዮጵያ ሕግ ታሪክ

ስም በኢትዮጵያ ከሀብት ይቆጠራል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚባለውም ሰው ካለፈ በኋላ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው እሱ ስለሆነ ነው። የሰውን ስም የሚያጎድፍ ንግግር ነውርም ጥፋትም ሆኖ መቆጠሩ ከማንኛውም የተጻፈ ሕግ ይቀድማል። ሰው ሐሳቡን በነፃነት የመግለጽ መብት አለው የሚለው ቃል ግን በአገሪቱ ሕግ ላይ ከሰፈረ ገና ሰባ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ስለዚህም የክብር ጥበቃ በዕድሜ እጅግ ይቀድማል፤ የንግግር ነፃነት የመጣው ቀድሞ በተተከለ አጥር ውስጥ ነው። የሁለቱን ታሪክ አንድ ላይ የሚያስተሳስረው ጥያቄ ሕጉ የሚጠብቀው የማንን ክብር ነው የሚለው ነው። በመጀመሪያ የዙፋኑን፣ ከዚያ የመንግሥትንና የሹሙን፣ ዘግይቶም የማንኛውንም ሰው ክብር ጠብቋል። ሆኖም አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ሙሉ በሙሉ አልወጣም።

ከተጻፈ ሕግ በፊት

የተጻፈ የወንጀል ሕግ በየመንደሩ ባልደረሰበት ዘመን የስድብና የሐሜት ጠብ የሚታየው በሽማግሌ ፊት ነበር። ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ያደምጣሉ፣ ምስክር ይሰማሉ፣ ከዚያም ጥፋተኛው ካሣ እንዲከፍል ወይም ይቅርታ እንዲጠይቅ ይወስናሉ። በደሉ ከባድ ሲሆን በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ይቀርባል። ይቅርታው በሰው ፊት የሚደረግበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ስሙ የጠፋው በሰው ፊት ስለሆነ የሚመለሰውም በሰው ፊት ነው። ባህሉ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው የተበደለው ሰው በአካባቢው ቀና ብሎ እንዲሄድና ነገሩ ወደ ደም እንዳይደርስ ነው። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ተረት አንድ ጊዜ የወጣ ቃል ምን ያህል እንደሚፈራ ያሳያል።

በሌላ በኩል ማኅበረሰቡ ለትችት የተወሰነ መንገድ ትቶ ነበር። አዝማሪ በመሰንቆው፣ አልቃሽ በሙሾዋ፣ እረኛ በዘፈኑ ሌላው በቀጥታ የማይናገረውን በቅኔ ይናገራሉ። ነገሥታት የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር በአፈ ታሪክ ይነገራል። ይህ ፈቃድ ግን በልማድ የቆመ እንጂ በሕግ የተረጋገጠ መብት አልነበረም። ነገሩ የከፋበት ገዥ አዝማሪውን ሊቀጣ ሲነሣ የሚያቆመው ሕግ የለም። ሥርዓቱ የቆመበት መሠረት «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ነበር።

ፍትሐ ነገሥትና የምኒልክ አዋጅ

ለዘመናት የኢትዮጵያ የተጻፈ ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነበር። መጽሐፉ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ኮፕቶች ዘንድ በዐረብኛ ተጠናቅሮ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ የትርጉሙን ሥራ ትውፊት ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። ከ51 አንቀጾቹ የመጀመሪያዎቹ 22 የቤተ ክርስቲያንን፣ የቀሩት የዓለማዊውን ኑሮ ጉዳይ ይመለከታሉ። በዚህ ሕግ ዓይን ንጉሥ በእግዚአብሔር የተሾመ ነው፤ እሱን መድፈር ከሃይማኖት በደል የማይለይ ነበር። የተራው ሰው ክብር ግን ከዘሩ፣ ከሹመቱና ከሙያው ጋር ይመዘን ነበር።

በዚህ ረገድ አንድ ድንጋጌ ለብቻው ይታያል። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆችን ከስድብ የሚጠብቅ አዋጅ አወጡ። በዚያ ዘመን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ይሰደቡና ይገለሉ ነበር። የአዋጁ መልእክት አገር የሚቀናው በሥራ እንደሆነ፣ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብም ንጉሡን ራሱን እንደሰደበ እንደሚቆጠርና በእስራት እንደሚቀጣ የሚያስጠነቅቅ ነበር።

አዋጁ በሁለት ነገር ትልቅ ቦታ አለው። አንደኛ፣ መንግሥት የዝቅተኛውን ሰው ክብር በቅጣት ማስጠበቅ እንደሚገባው በይፋ ተናገረ። ሁለተኛ፣ ይህን ያደረገበት መንገድ የዘመኑን አስተሳሰብ ወለል አድርጎ ያሳያል፤ የቀጥቃጩ ክብር በራሱ የሚቆም ስላልነበረ የንጉሡን ክብር ተውሶ መቆም ነበረበት። ለሰው ሰው በመሆኑ ብቻ የሚሰጥ የክብር ጥበቃ ለመምጣት ገና ብዙ ዓመታት ቀርተውት ነበር።

ጋዜጣ፣ ዙፋንና የ1923ቱ ሕጎች

በምኒልክ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ላይ ቃል በወረቀት መባዛት ጀመረ። መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ይታደል የነበረው «አእምሮ» ጋዜጣ በኋላ በማተሚያ ቤት ታተመ። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ድጋፍ ወጣ። በገበያ ቀን የተነገረ ሐሜት ከአንድ ወረዳ አያልፍም ነበር፤ የታተመ ቃል ግን ወደ ጠቅላይ ግዛቶችና ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፣ ከዓመታት በኋላም ይነበባል። የክብር ሕግ የንግግርን ብቻ ሳይሆን የኅትመትን ጉዳይ ማየት ያስፈለገው ከዚህ በኋላ ነው።

በ1923 ዓ.ም. ሁለት ሕጎች ወጡ። የመጀመሪያው ፍትሐ ነገሥትን መነሻ አድርጎ በዘመናዊ መልክ የተዘጋጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ሁለተኛው በሐምሌ ወር የታወጀው የአገሪቱ የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱ ስለ ንግግርና ስለ ጽሑፍ ነፃነት ምንም አላለም። በአንቀጽ 5 ግን የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይነካ መሆኑን ደነገገ፤ ሊጎዳቸው የሚደፍር ሁሉ በሕግ እንደሚቀጣም አከለ። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የልማድ አባባል በዚህ አንቀጽ የተጻፈ ሕግ ሆነ።

የሦስቱ ሕጎች ዘመን

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጽሑፍ ነፃነት በመላው ንጉሠ ነገሥት ግዛት በሕግ መሠረት የተጠበቀ መሆኑን አወጀ። ይህ በኢትዮጵያ ሕግ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። «በሕግ መሠረት» የምትለው አነጋገር ግን የነፃነቱን ስፋት ለበታች ሕግ ትታዋለች። በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱ አለመደፈር እንደ ቀድሞው ቀጠለ።

በስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ክብርን የሚነኩ ወንጀሎችን በሥርዓት ከፋፍሎ ያስቀመጠው እሱ ነው። ስም ማጥፋት ማለት ስለ አንድ ሰው ለሦስተኛ ወገን ክብሩን ለመጉዳት በማሰብ አንድን ድርጊት ወይም ጠባይ መናገር ነው። ተናጋሪው ነገሩ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ሲናገር ጥፋቱ ይከብዳል። ፊት ለፊት መዝለፍ ደግሞ ስድብ ተብሎ ለብቻው ተቀመጠ። ክሱ የሚነሣው በተበዳዩ አቤቱታ ሲሆን፣ ይህም የስም ጉዳይ ከሁሉ በፊት የባለቤቱ ጉዳይ መሆኑን ያመለክታል። ሕጉ በኅትመት ስለሚፈጸም ወንጀልም ደራሲው፣ አዘጋጁ፣ አሳታሚውና አታሚው በተራ ተጠያቂ የሚሆኑበትን ሥርዓት ዘርግቷል።

ከሁሉ በጥንቃቄ የተሠራው ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ሕጉ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ከአንቀጽ 2044 እስከ 2049 ያሉት ድንጋጌዎች ዛሬም ያገለግላሉ። በእነዚህ አንቀጾች መሠረት በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ በሕይወት ያለን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሣቂያ እንዲሆን በማድረግ መታመኑን፣ ዝናውን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የጣለ ሰው ጥፋተኛ ነው። ተናጋሪው የመጉዳት ሐሳብ ባይኖረውም እንኳ ተጠያቂነቱ ይኖራል።

ሕጉ ከዚህ ቀጥሎ ለተናጋሪው አራት በሮች ይከፍታል። በአንቀጽ 2046 ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ ላይ የሚሰጥ አስተያየት በመርህ ደረጃ ስም ማጥፋት አይባልም። በአንቀጽ 2047 የተናገረው እውነት መሆኑን ያስረዳ ተከሳሽ ነፃ ይወጣል፤ ዋና ዓላማው ጉዳት ማድረስ ብቻ የነበረ ከሆነ ግን እውነቱ አያድነውም። በአንቀጽ 2048 በምክር ቤት ክርክርና በፍርድ ቤት ሙግት የሚነገር ቃል ከተጠያቂነት ይድናል። በአንቀጽ 2049 ደግሞ ጋዜጣ ያለ ክፋትና ያለ ከባድ ቸልተኝነት የተሳሳተ ነገር አትሞ ወዲያው ካረመና ይቅርታ ካተመ ጥፋተኛ አይሆንም። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ከአውሮፓ ሕግ ቢቀዳም ለአገሩ ባህል እንግዳ አይደለም፤ በሕዝብ ፊት የጠፋ ስም በሕዝብ ፊት በሚነገር ይቅርታ ይመለሳል የሚለው የሽማግሌዎች ጥበብ በውስጡ አለ።

የፍትሐ ብሔሩ መንገድ አንድ ትልቅ ድክመት ነበረው። አንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ቁም ነገር ነበር። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ግን ብሩ ሲረክስ ጣሪያው ባለበት ቀረ። ስሙ የጠፋበት ሰው በፍትሐ ብሔር ረትቶ የሚያገኘው ለጠበቃ ከሚከፍለው ሊያንስ ይችላል። ካሣው ዋጋ ባጣ መጠን ተበዳዩ ወደ ፖሊስና ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ማለትም ወደ እስራት መንገድ እንዲያዘነብል የሚገፋ ሁኔታ ተፈጠረ።

ሳንሱር

በወረቀት ላይ የተጻፈው የአንቀጽ 41 ነፃነት በተግባር ከሳንሱር አላለፈም። መጻሕፍት፣ ጋዜጦችና ቴያትሮች ሕዝብ ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት በመንግሥት መርማሪዎች እጅ ያልፉ ነበር። የአቤ ጉበኛ ልቦለድ «አልወለድም» ለጥቂት ጊዜ ከተሸጠ በኋላ ታግዶ ተሰብስቧል። የስም ማጥፋት ሕግ ሰውን የሚጠይቀው ከተናገረ በኋላ፣ በማስረጃና በክርክር ነው፤ ሳንሱር ግን ክርክሩ ሳይጀመር አፍ ይዘጋል። ይህ ልዩነት የሕጉ ታሪክ ዋና መስመር ነው። ሳንሱር ባለበት አገር የክብር ሕግ ሥራ ይፈታል፤ ስለ ሹማምንት የሚጻፍ ነቀፋ መጀመሪያውኑ ስለማይወጣ ችሎት ፊት የሚቀርብ ነገር የለም።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ጋዜጦች ለጥቂት ወራት ያልተለመደ ድፍረት አሳዩ። ደርግ ሥልጣኑን ሲያጠናክር ያ በር ተዘጋ። የማይደፈረው የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ቢሻርም ቦታውን የአብዮቱና የመሪዎቹ ክብር ያዘው፤ ትችት ስድብ መባሉ ቀርቶ ፀረ አብዮተኛነት ተባለ። የዘመኑ ከባዱ ምስክር የበዓሉ ግርማ ዕጣ ነው። «ኦሮማይ» የተባለው ልቦለዱ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ እንደወጣ ታገደ፣ ከገበያም ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ከወጣ በኋላም ሳይመለስ ቀረ። ባለሥልጣናት በልቦለዱ ውስጥ ራሳቸውን አይተው ከሆነ በፍትሐ ብሔሩ ሕግ የመክሰስ መንገድ ነበራቸው። በዚያ መንገድ ግን እውነትም መከላከያ ሆኖ ሊቀርብ በቻለ ነበር።

ከአዋጅ ቁጥር 34 እስከ አዲሱ የወንጀል ሕግ

በ1983ቱ የሽግግር ቻርተር ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ታወጀ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን ሰረዘ። የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ እንደ አሸን ፈሉ። ሳንሱር ሲነሣ የክብር ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሸክሙን ተሸከመ። አዋጁ ፕሬስ ግለሰብን፣ ብሔር ብሔረሰብንና ድርጅትን ከመወንጀልና ስም ከማጥፋት፣ ጦርነትና ግጭትም ከመቀስቀስ እንዲጠበቅ ያዝዛል። ስሙ የተነሣበት ሰው መልስ የመስጠት መብትም አገኘ። በቀጣዮቹ ዓመታት ብዙ አዘጋጆች በአንድ ጊዜ በተደራራቢ ክስ ከችሎት ችሎት ተመላለሱ፣ ታሰሩ። ከጋዜጦቹም አንዳንዶቹ ያልተረጋገጠ ወሬ እያተሙ የሰው ስም ያለ ማስረጃ አጉድፈዋል። ጥፋቱ የሁለት ወገን ቢሆንም ክብደቱ እኩል አልነበረም፤ አንዱ በወረቀት ይሳሳታል፣ ሌላው በእስር ቤት ቁልፍ ይመልሳል።

በነሐሴ 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ሁለቱን መብቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንቀጽ 24 ማንኛውም ሰው ሰብአዊ ክብሩና መልካም ስሙ የመከበር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ያረጋግጣል፣ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል። ነፃነቱ በሐሳቡ ይዘትና ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ምክንያት ሊገደብ እንደማይገባም ይናገራል። ገደብ ሊደረግ የሚችለው የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሚወጣ ሕግ ነው። የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ መግለጫም በሕግ የሚከለከሉ ይሆናሉ። በዚህ ሕገ መንግሥት የክብር ባለቤት «ማንኛውም ሰው» ነው፤ ቀጥቃጩ ከእንግዲህ የንጉሥ ክብር መዋስ አያስፈልገውም።

ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን አሮጌውን ውርስ አልጣለም። በአንቀጽ 613 ስም ማጥፋት እስከ ስድስት ወር ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ያስከትላል። የመጉዳት ሐሳብ እስካለ ድረስ የተነገረው ነገር እውነት መሆኑ ብቻውን ነፃ አያወጣም። በአንቀጽ 244 ደግሞ መንግሥትን መስደብና ስሙን ማጥፋት ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ ቀጠለ።

ከእስራት ወደ ካሣ

የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 በመገናኛ ብዙኃን ለሚደርስ የኅሊና ጉዳት የካሣውን ጣሪያ ወደ 100,000 ብር ከፍ አደረገ። ባለሥልጣናትን ግን ከተራው ዜጋ ለየ፤ በሕግ አውጪው፣ በአስፈጻሚውና በዳኝነት አካሉ ላይ የሚፈጸም ስም ማጥፋት ተበዳዩ ራሱ ለመክሰስ ባይፈልግም መንግሥት ሊከሰው እንዲችል ፈቀደ። በዲሞክራሲያዊ አሠራር ሹም ከተራ ሰው የበለጠ ትችት ይሸከማል ይባላል፤ ይህ ድንጋጌ ግን የበለጠ ጥበቃ ሰጠው።

በዚያው ወቅት የአህጉሩ ሕግ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን በ1985 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተርን በ1990 ዓ.ም. ተቀብላለች። በኅዳር 2007 ዓ.ም. የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት የቡርኪና ፋሶ ጋዜጠኛ ሎሄ ኢሳ ኮናቴ ባቀረበው አቤቱታ ላይ ፈረደ። ጋዜጠኛው አንድን ዐቃቤ ሕግ በሙስና የሚወነጅሉ ጽሑፎች በማውጣቱ አንድ ዓመት ተፈርዶበት ነበር። ፍርድ ቤቱ ለስም ማጥፋት የእስራት ቅጣት መጣል ከጥፋቱ ጋር የማይመጣጠንና ቻርተሩን የሚጥስ ነው አለ።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በዚህ መንፈስ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ በፍትሐ ብሔር ብቻ የሚታይ አደረገው። በኢትዮጵያ የክብር ሕግ ታሪክ ይህ ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ ትልቁ ለውጥ ነው።

ለውጡ ግን የሚያገለግለው ለመገናኛ ብዙኃን ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 13 በኮምፒዩተር ሥርዓት የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል ማሰራጨትን፣ አቤቱታ ሲቀርብ፣ እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613ም ለግለሰብ ተናጋሪ እንዳለ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ ከግለሰብ ስም አልፎ የቡድኖችን ክብርና የሕዝብን ሰላም ይመለከታል። የጥላቻ ንግግር እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። ጥቃት ካስከተለ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል። ለትምህርትና ለምርምር፣ ለዜና ዘገባ፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት የሚውል ንግግር ከክልከላው ውጭ ነው።

በውጭ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚናገሩት ቃል አገር ቤት በሰዓታት ውስጥ ቢደርስም የሚመዘነው ባሉበት አገር ሕግ ጭምር ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 በኒውዮርክ ታይምስና በሰሊቫን መካከል በሰጠው ፍርድ መሠረት አንድ ባለሥልጣን በስም ማጥፋት ለመርታት ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነቱን ለማወቅ ግድ ሳይሰጠው እንደተናገረ ማስረዳት አለበት። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ደግሞ በኢንተርኔት ሰውን መስደብ በእስራትና በከባድ መቀጮ ያስቀጣል። ዋሽንግተን ላይ በካሣ ክስ እንኳ የማይረታ ዘለፋ ዱባይ ላይ ያለን ሠራተኛ ለእስር ሊዳርግ ይችላል።

ዛሬ ስሙ የጠፋበት ኢትዮጵያዊ በወንጀል አቤቱታ ለማቅረብ ድርጊቱን ወይም ፈጻሚውን ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ወር፣ በፍትሐ ብሔር ካሣ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት አለው። የሚያገኘው መፍትሔ ግን ቃሉ በተነገረበት ቦታ ይለያያል። በጋዜጣ የታተመ ስም ማጥፋት የካሣ ጉዳይ ነው፤ ያው ቃል በአደባባይ ሲነገር እስከ ስድስት ወር፣ አንድ ተራ ሰው በስልኩ ሲያሰራጨው እስከ ሦስት ዓመት ያሳስራል። ሕጉ ከዙፋን ወደ ሹም፣ ከሹም ወደ ሰው ሲወርድ የኖረውን የክብር ጥበቃ ለሁሉም አዳርሷል። የንግግር ነፃነት ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም፤ ለመገናኛ ብዙኃን የተነሣው የእስራት ቅጣት ለተራው ተናጋሪም ሲነሣና የካሣው መንገድ ለተበዳዩ የሚረባ ሲሆን ሁለቱ የሕገ መንግሥት አንቀጾች በእኩል ሚዛን ይቆማሉ።